ሁለት ዓመት ለሟች ቤተሰብ አይበቃም

(ደሴ ላይ ለቅሬ ማለትም ለዕድር መሪዎች፣ አበጋር ለሚባሉት ባህላዊ አስታራቂዎችና ለሽማግሌዎች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ወደፊት ኑ፣ ወንበር አለ። እዚህ ፊት የተቀመጠ ሰው አይጠየቅም፣ የምትጠይቁት እናንተ ናችሁ።

ዛሬ ስለ አንድ ቁጥር ነው የማወራው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2143። ጉዳት የደረሰበት ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ ካልከሰሰ ካሳ የመጠየቅ መብቱ ይቀራል ይላል። ይርጋ የምንለው ይህ ነው። ሕጉ የወጣው በ1952 ነው፣ በጃንሆይ ዘመን፤ ያረቀቀው ሬኔ ዳቪድ የሚባል የፈረንሳይ የሕግ ሊቅ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ተቀየረ። የቤተሰብ ሕጉ ተቀየረ፣ የወንጀል ሕጉ በ1997 በአዲስ ተተካ፣ የንግድ ሕጉ በ2013 ተለወጠ። ይህቺ ሁለት ዓመት ግን አለች፣ ማንም አልነካትም።

እኔ የምለው ሁለት ዓመት ለሟች ቤተሰብ አይበቃም ነው። ለተሰበረ መኪና ይበቃል። እግሩ ለተሰበረ ሰውም ምናልባት ይበቃል፣ ቢያንስ ሰውየው በሕይወት አለና ራሱ ይሯሯጣል። ሰው ሲሞት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ለምን እንደሆነ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፣ ድንኳኑን የምትተክሉት እናንተ ናችሁ።

እንበልና አንድ አባወራ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ አይሱዙ ገጭቶ ገደለው። ሚስትና ሦስት ልጆች አሉት፣ ትንሹ ገና ጡት አልጣለም። መጀመሪያ ለቅሶ አለ። ከዚያ ሰደቃው ወይ ተዝካሩ። አርባው ሳይወጣ ስለ ካሳ ያነሳ ሰው ነውረኛ ነው፣ ማን ደፍሮ! አርባው ሲወጣ ሽማግሌ ይላካል። የሹፌሩ ዘመዶች አበጋር ይዘው ይመጣሉ፣ ቡና ይፈላል፣ ጫት ይቀርባል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ቀጠሮ ይያዛል። ክረምት ይገባና ሰው እርሻ ላይ ነው ይባላል። ረመዳን ይገባል። ሁዳዴ ይገባል። «ከፋሲካ በኋላ» ይባላል፣ «ከአረፋ በኋላ» ይባላል። በዚህ መሀል ሹፌሩ በወንጀል ተከሶ በዋስ ይወጣል፣ የዐቃቤ ሕግ ምስክር አልቀረበም ተብሎ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ደግሞ ይሰጣል። ሚስቲቱን ደግሞ ሰው ሁሉ «አብሽሪ፣ ወንጀሉ ይለቅና ካሳው ይደርሳል» ይላታል። ፖሊሱም ይላታል፣ የሰፈር ሰውም ይላታል፣ ፍርድ ቤት በር ላይ ያለው ራፖር ጸሐፊም ይላታል።

ስንቱን መዝገብ የቀበረው «ይደርሳል» የሚለው ምክር ነው። አይደርስም። የወንጀሉ ክስ እየሄደ የካሳው ሰዓት አይቆምም።

እንዲህ ያለች ሴት ወደ ጥብቅና ቢሮዬ ስትመጣ በእጇ ፌስታል አለ። ሁሌም ፌስታል ነው። ውስጡን አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ስደረድረው የአስከሬን ምርመራ ወረቀት አለ፣ የትራፊክ ፖሊሱ ያነሳው የአደጋ ፕላን ኮፒ አለ፣ የቀበሌ ደብዳቤ አለ፣ የሟች ጉርድ ፎቶ አለ። ከሁሉ ሥር አራት ቦታ የታጠፈ የደብተር ቅዳጅ ይወጣል። በእስክሪብቶ «ለለቅሶ እርዳታ ሀያ ሺህ ብር ሰጥቻለሁ» ተብሎ ተጽፎበታል፣ የሹፌሩ ፊርማ አለ፣ የሁለት ሽማግሌ ፊርማ አለ። ቀን የለውም። ወደዚህ ቅዳጅ እመለሳለሁ፣ ምክንያቱም በትክክል ቢጻፍ ኖሮ ይህቺን ሴት ሊያድናት ይችል ነበር።

የቤተሰቡን ነገር አብሮ የሚያወሳስበው ደግሞ ወንድም ነው። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት የሚሯሯጠው ወንድም ነው፤ ፖሊስ ጣቢያ የሚሄደው እሱ፣ ሽማግሌ የሚሰበስበው እሱ፣ ክስ የሚያጽፈውም እሱ። ሕጉ ግን በቁጥር 2095 ሰው ሲሞትባቸው በራሳቸው ስም ካሳ መጠየቅ የሚችሉትን ሲዘረዝር ባል ወይም ሚስት፣ ወላጆችና ወደ ላይ የሚቆጠሩ፣ ልጆችና ወደ ታች የሚቆጠሩ ነው የሚለው። ወንድም የለበትም። ሟች ይረዳኝ ነበር ብሎ የሚመጣ ሌላ ሰውም በ2096 በሩ ተዘግቶበታል። ስለዚህ ወንድም ያለ ውክልና በራሱ ስም የከሰሰበት መዝገብ መብት የለህም ተብሎ ይዘጋል። ሚስቲቱ አዲስ ክስ ልክፈት ስትል ሁለቱ ዓመት አልፏል። አሳዛኙ ነገር ማንም አልተኛም፣ ቤተሰቡ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲሮጥ ነው የከረመው።

ከዚያ ተከሳሹ መልስ ይሰጣል። የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ብሎ አንድ አንቀጽ ይጽፋል፤ ክሱ በይርጋ ይታገዳል። በቃ። ገደለ አልገደለ፣ ጠጥቶ ነበር አልጠጣም፣ ፍሬን ነበረው አልነበረውም፣ ይህ ሁሉ አይነሳም። ፍርድ ቤቱ ይርጋን በራሱ አያነሳም፣ ተከሳሹ ካላነሳው ያልፋል። ግን ጠበቃ የያዘ ተከሳሽ ይርጋ ሳያነሳ ቀርቶ አያውቅም። እኔም ተከሳሽ ወክዬ ስቆም አነሳለሁ፣ ሥራዬ ነው።

አሁን «ሁለት ዓመት ብቻ አይደለም እኮ» የሚል የሕግ ሰው እዚህ መሀል ካለ ልክ ነው። ያው ቁጥር 2143 በሁለተኛው ንዑስ ቁጥሩ፣ ጉዳቱ የደረሰው በወንጀል ከሆነና የወንጀል ሕጉ ለወንጀሉ ረዘም ያለ ይርጋ ካስቀመጠ ለካሳውም የሚያገለግለው ያ ረጅሙ ነው ይላል። ትልቅ በር ነው። በቸልተኝነት ሰው መግደል በወንጀል ሕጉ ቁጥር 543 ነው የሚታየው። ተራው ቸልተኝነትና እንደ ሹፌር ወይም እንደ ሐኪም ባለ ሙያ ሰው የሚፈጸመው ቀላል እስራት ነው፣ የክሱ ይርጋ 5 ዓመት ይሆናል። ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ከሞተ፣ ወይም ግልጽ ደንብ ሆን ተብሎ ተጥሶ ወይም በስካር ከሆነ፣ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው፣ ይርጋው 20 ዓመት ይደርሳል። በ2010 መጋቢት ላይ ለገሂዳ ውስጥ አውቶቡስ ገደል ገብቶ ከሠላሳ በላይ ሰው አልቋል፣ ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ። እንደዚህ ዓይነት አደጋ ላይ የአንድና የሁለት ሰው ሞት ልዩነት በይርጋው ላይ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል ማለት ነው።

ታዲያ በሩ ካለ ምን ያስጮህሃል ትሉኛላችሁ። በሩ ጠባብ ነው የምለው። መጀመሪያ፣ ወንጀል መሆኑን ማሳየት አለባችሁ። የወንጀል ፍርድ ቤት በነፃ ቢለቀው እንኳ የፍትሐ ብሔሩ ፍርድ ቤት በዚያ አይገደድም፣ ቁጥር 2149 እንዲህ ይላል፤ ግን በነፃ የተለቀቀ ሰው ላይ ወንጀል ነበር ብሎ አምስት ዓመቱን ማስከበር አቀበት ነው። ሁለተኛ፣ የመኪናው ባለቤት አለ። ሹፌሩ ብዙ ጊዜ የለበሰው ልብስ ብቻ ነው ያለው፤ ገንዘቡ ባለቤቱ ጋ ነው፣ ሕጉም በቁጥር 2081 ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል። ባለቤቱ ግን መጥቶ «ወንጀል ሠራ የተባለው ሹፌሩ ነው፣ እኔ ወንጀለኛ አይደለሁም፣ እኔን የሚመለከተኝ ሁለቱ ዓመት ነው» ብሎ ይከራከራል። ሦስተኛ፣ ወንጀል የሌለበት ሞት አለ። ክፍት የተተወ ጉድጓድ፣ የተደረመሰ አጥር፣ ማንም እዚህ ጋ አጠፋ ተብሎ በስም የማይያዝበት። እዚያ ላይ ሁለት ዓመት ብቻ ነው።

ሥራ ላይ የሞተ ሠራተኛ ቤተሰብ ደግሞ ይብሱን አጭር ነው ያለው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ልጃችሁ ማሽን ላይ ቢሞት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለሚጠየቀው የጥገኞች ካሳ፣ ሌላ ጊዜ ካልተወሰነ በቀር፣ አንድ ዓመት ነው። ካሳው ደግሞ ቀላል አይደለም፣ ለሚስት ወይም ለባል ግማሹ፣ ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ ለእያንዳንዱ አሥር አሥር በመቶ ተብሎ ተከፋፍሏል። አንድ ዓመት ማለት ሙት ዓመቱ ሲወጣ ማለት ነው። እናንተ ለሙት ዓመቱ ጠላ ስትጠምቁ ወይ ሰደቃ ስታዘጋጁ መብቱ እያለቀ ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመኝ የጠፋ ሰው ነገር ነው። ሰው ወጥቶ ቀረ፣ ሬሳ የለም፣ ወሬ የለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 154 ቤተሰቡ መጥፋቱ በፍርድ ይታወቅልኝ ብሎ መጠየቅ የሚችለው ወሬው ከጠፋ ሁለት ዓመት ሲሞላ ነው። ሁለት ዓመት! ለካሳ ክስ ደግሞ ሁለት ዓመት። አንዱ ሕግ ሁለት ዓመት ጠብቅ ይላል፣ ሌላው ሁለት ዓመት ከጠበቅህ አለቀልህ ይላል። እርግጥ ጉዳቱ የደረሰው መሞቱ ሲታወቅ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል፣ እኔም እከራከራለሁ። ግን ባሏ የጠፋባት ሴት መብቷ በጠበቃ ክርክር ላይ መንጠልጠል ነበረበት? በጦርነቱ ጊዜ፣ በ2014 ጥቅምትና ኅዳር፣ ደሴና ኮምቦልቻ ምን ላይ እንደነበሩ ለእናንተ አልነግራችሁም። ፍርድ ቤቱ ራሱ በተዘጋበት ሰዓት ይርጋው ይቆማል የሚል አንድ ቃል በ2143 ላይ የለም። ስለ ሕፃን ልጅም የለም። ጡት ያልጣለው ልጅ አድጎ መብቱን ሲጠይቅ፣ አራስ ሳለህ ነው ያለፈህ ይባላል።

ሌላ አገር ይህን እንዴት እንዳቃለሉት ሁለት ምሳሌ ልስጣችሁ፣ አላረዝምም። ኒውዮርክ ውስጥ የሟች ቤተሰብ ካሳ የሚጠይቅበት ጊዜ እንደኛው ሁለት ዓመት ነው። ግን በዚያው ሰው ላይ በዚያው ነገር የወንጀል ክስ ከተከፈተ፣ የወንጀሉ ክስ ካለቀ በኋላ ቢያንስ አንድ ዓመት ይሰጣቸዋል፣ ሁለቱ ዓመት አልፎም ቢሆን። ሁለቱ ዓመት ራሱ ይራዘም የሚል ነገር ያለበት ረቂቅም በምክር ቤቱ ተደጋግሞ አልፎ ገዥዋ ሳይፈርሙበት መልሰውታል፤ የኢንሹራንስ ዋጋ ይንራል የሚል ተቃውሞ ነበረበት፣ በዋናነት ረቂቁ የኀዘን ካሳንም ስለጨመረ። እንግሊዝ ደግሞ ሦስት ዓመት ነው፣ የሚቆጠረው ከሞተበት ወይም ቤተሰቡ ዋናውን ነገር ካወቀበት ቀን፣ ከሁለቱ የኋለኛውን ይዞ። ሕፃን ልጅ 18 እስኪሞላው አይቆጠርበትም። ያም አልፎ ዳኛው፣ መዝጋቱ ፍትሐዊ አይደለም ካለ መዝገቡን ማስቀጠል ይችላል። የእኛ ዳኛ በ2143 ይህ ሥልጣን የለውም። በቁጥር 1853 የቤተዘመድነት ወይም የመታዘዝ ነገር ሲኖር ይርጋን ወደ ጎን ማድረግ ይችላል፤ «የሞተው ወንድምሽ፣ የገደለው ባልሽ» ለሚባለው ዓይነት ጉዳይ ይጠቅም ይሆናል። ለሐረጎው አይሱዙ ግን አይሆንም።

በተቃራኒው የሚነገረውንም ልንገራችሁ፣ ሐሰት አይደለምና። ምስክር ይረሳል፣ ይሞታል፣ አገር ይለቃል። አንዲት ሚኒባስ ያለችው ምስኪን ባለቤት አሥር ዓመት ሙሉ ዛሬ እከሰስ ይሆን ብሎ ማደር የለበትም። ኢንሹራንሱም ሒሳቡን መዝጋት አለበት። እስማማለሁ። ለዚህ ነው ሃያ ዓመት ይደረግ የማልለው። የምለው የወንጀል ክስ እስካለ ሰዓቱ ይቁም፣ ከፍርዱ በኋላ አንድ ዓመት ይሰጥ ነው። የወንጀል ክስ ካለ ምስክሩ ቃሉን ሰጥቷል፣ የአደጋው ፕላን ተነስቷል፣ ተከሳሹም ያውቃል፤ ማንም በድንገት አይያዝም። በአበጋር የተያዘ እርቅም በቀበሌ ወይም በፍርድ ቤት ከተመዘገበ እስኪያልቅ ሰዓቱን ያቁም። መንግሥት ራሱ «ታረቁ» እያለ፣ የታረቀውን ሰው በይርጋ መቅጣት ምን ይሉታል! ሕፃናትም እስኪያድጉ ይጠበቁ።

ይህ እስኪሆን እናንተ ማድረግ የምትችሉት አለ። ወደዚያች የደብተር ቅዳጅ ልመለስ።

ባለዕዳ ዕዳውን ካመነ ይርጋው ይቋረጣል፣ ቁጥር 1851። ያመነው በጽሑፍ ከሆነ ከዚያ በኋላ የሚጀምረው አዲሱ ጊዜ አሥር ዓመት ነው፣ ቁጥር 1852። አሥር! የታወቀው ቅዳጅ ግን «ለለቅሶ እርዳታ» ነው የሚለው። እርዳታ ደግሞ ዕዳ ማመን አይደለም፣ ደግነት ነው። ተከሳሹ «አዝኜ ሰጠሁ» ይላል፣ እውነትም ሊሆን ይችላል። እናንተ እርቅ ላይ ስትቀመጡ፣ ያ ሰውዬ ገጭቻለሁ፣ ካሳ አለብኝ ካለ፣ ያንን ራሱን ጻፉት። «በዚህ ቀን በዚህ ቦታ በደረሰው አደጋ ለሟች ቤተሰብ ካሳ ያለብኝ መሆኑን አምኜ፣ ከዚሁ ላይ ይህን ያህል ከፍያለሁ» ይበል። ቀን ይኑረው። የመኪናው ባለቤት ካለ እሱም ይፈርም፣ ሹፌሩ ብቻ አይደለም።

በዚያው ልክ የምትፈሩት ነገር አለ። ብዙ የእርቅ ወረቀት መጨረሻው ላይ «ከዚህ በኋላ በሕግም በሽማግሌም አንጠይቅም» የሚል መስመር አለው፣ ጸሐፊው በልምድ ያስገባዋል። ይህቺ መስመር ከይርጋ ትብሳለች። የእርቅ ውል በሁለቱ ወገን መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ ነው የሚቆጠረው፣ ቁጥር 3312። ለካሳው ተስማምታችሁ ከጨረሳችሁ ጥሩ፣ ይግባ። ደም ለማድረቅ ብቻ ከሆነ የተቀመጣችሁት ግን አታስገቧት።

ጥያቄዎች ነበሩ።

ከፊት የተቀመጡ አንድ አባት፣ ሸህ ናቸው፣ «ልጄ፣ የወንድሜን ደም በብር ሽጠው ነው የምትለን?» አሉኝ። አይደለም አባቴ። ለኀዘኑ ሕጉ የሚሰጠው እኮ ያስቃል፣ የኅሊና ካሳ ጣሪያው በቁጥር 2116 አንድ ሺህ ብር ነው፣ ዛሬ በግ አይገዛም። እሱን ለማግኘት ብላችሁ አትክሰሱ። ዋናው ሌላው ነው፣ ልጆቹ የሚያድጉበት ቀለብ። ያ ገንዘብ የእርስዎ አይደለም፣ የልጆቹ ነው፣ በእነሱ ፈንታ ይቅር ማለት ይከብዳል። ዝም አሉ። እሺ ማለታቸው ይሁን አይሁን አላውቅም።

አንድ ወጣት ገጭቶ ስላመለጠ መኪና ጠየቀኝ። ታርጋው ላልታወቀ ወይም ኢንሹራንስ ለሌለው መኪና በሦስተኛ ወገን መድን አዋጁ 799/2005 የተቋቋመ ፈንድ አለ፣ ዛሬ በመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት ሥር ነው። አዋጁ ሲወጣ ለሞት ከ5,000 እስከ 40,000 ብር ነበር ያስቀመጠው። ብዙ አይደለም፣ ግን አለ፣ ብዙ ሰው ደግሞ መኖሩን አያውቅም። የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርቱን ሳትውሉ ሳታድሩ ያዙ።

ሌላዋ በጦርነቱ ጊዜ ስለተገደሉ ጠየቀች። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 28 ያለ ፍርድ መግደልና ሰውን አስገድዶ መሰወር የመሳሰሉ በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎች በይርጋ አይታገዱም ይላል። ወንጀሉ በይርጋ ካልታገደ ካሳውም በ2143 መሠረት መከተል አለበት ብዬ እከራከራለሁ። የሚከብደው ማንን እንደምትከስ ነው። በ2016 ሚያዝያ የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ስለ ካሳም ይናገራል፣ እሱ ሲሠራ ስሟን የሚያስመዘግብ ማስረጃ ከአሁኑ ትሰብስብ አልኋት።

መጨረሻ ላይ አንዲት እናት ፌስታሏን ከፍታ ወደ መድረኩ መጣች። ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል። አለቀ ወይ ነው ጥያቄዋ። አላለቀም ይሆናል፣ እህቴ። መጀመሪያ ማየት ያለብኝ ሹፌሩ የተከሰሰበትን የወንጀል ክስ ነው፣ 543 ከሆነ ንዑስ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ። እሱን ከመዝገብ ቤት በኮፒ አውጪ። የመኪናውን ሊብሬ በማን ስም እንደሆነ ከመንገድ ትራንስፖርት እንጠይቃለን። የዳኝነት መክፈያ ከሌለሽ በደሃ ደንብ እንከፍታለን፣ ከቀበሌ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ወንድሙ ነው የሚከታተለው ካልሽ ዛሬውኑ ውክልና ስጪው፣ በስሙ ግን እንዳይከስ። ሰኞ ጠዋት ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ቢሮ ነኝ።